የግራ ጉንጭ

ምልክቱ በቀኝ ጉንጩ ላይ ነበር።

ይህን ልብ ያልኩት ወረቀቱ ከሰልባጅ ገበያው መግቢያ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ባሉት ምሰሶዎች ሁሉ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። እናቴ ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች ታጣብቃለች፤ እኔ የቀረውን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ቀና ስል ወንድሜ ኢሳይ ከመጨረሻው ምሰሶ ላይ ቁልቁል ያየኛል። «አፋልጉኝ» ከሚለው ትልቅ ጽሑፍ ስር ያለው ፊት የእሱ ነው፤ ዓይኑም የእሱ ነው። ግን ማርያም የሳመችው ያ ጥቁር ምልክት ከግራ ዓይኑ ስር ተነስቶ ወደ ቀኙ ተሻግሯል። ኢሳይ ማዕድ ላይ የሚቀመጠው በቀኜ ስለሆነ ለእኔ የሚታየኝ ሁልጊዜ የግራ ጉንጩ ነው። ምልክቱን በጣቴ ስጫነው እንደ ደወል «ጢን!» ይልልኛል፤ አልሳሳትም።

«እማዬ፣ ምልክቱ…»

«ዙሌማ፣ ፕላስተሩን አቀብዪኝ። ሊመሽ ነው።»

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ክፉውን ቀድሜ የማስብ እናት። ልጄ ጠዋት ለትምህርት ሲወጣ በስልኬ ከፊት፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ አነሳዋለሁ። «ደግሞ ጀመረሽ! የእስረኛ ፎቶ ነው እንዴ?» ይለኛል። የሸሚዙን ቀለም በልቤ ይዤ እሸኘዋለሁ። ለምን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን በድንበር ከተማዋ በቲሁዋና ውስጥ፣ አሮጌ ጎማ ተደርድሮ ደረጃ በተሠራለት ኮረብታ ላይ ነበር። ከግቢያችን ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት የድንበሩ አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አገር ሁላችንም «ማዶ» ነው የምንለው። በዚያ ዘመን የማዶ ሰዎች ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ስስ ቴሌቪዥን መጣልን ብለው ቁም ሳጥን የሚያህሉትን አሮጌዎቹን እያወጡ ይጥሉ ነበር። አባቴ ዶን ኤቮዲዮ በፒካፑ እየጫነ ያመጣና ግቢ ውስጥ እንደ በሬ ይበልታቸዋል። መዳቡ ለመዳብ ገዢ፣ ጣውላው ለጎረቤት የዶሮ ቤት። ለራሱ የሚያስቀረው ሌንሶቹን ነው።

የእነዚያ ቴሌቪዥኖች ሆድ ውስጥ ሦስት ቱቦዎች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ላይ የሾርባ ሳህን የሚያህል ሌንስ ተገጥሟል። ሦስቱም ምስላቸውን ሳጥኑ ውስጥ ወዳለ ትልቅ መስታወት ይረጫሉ፤ መስታወቱ ወደ ስክሪኑ ይመልሰዋል። በቱቦውና በሌንሱ መካከል እንዳይግል የሚያደርግ ፈሳሽ አለ። ጣፋጭ መርዝ ነው። የጎረቤታችን ውሻ ልሶት ሲንገዳገድ ሰንብቶ ሞተ።

«ኤቮዲዮ! ያን መርዝ ከልጄ ፊት አንሳልኝ! አንድ ቀን ሬሳ ታሳቅፈኛለህ!» ትላለች እናቴ ዶኛ ኤርሚላ በመስኮት ብቅ ብላ።

«ሬሳው ቴሌቪዥኑ ነው፣ ኤርሚላ። እኔ ዓይኑን ብቻ ነው የምወስደው።»

አባቴ የሰማያዊውን ቱቦ ሌንስ ይመርጣል፤ የሌሎቹ ቀለም አለበት፣ የእሱ ግን እንደ ውሃ የጠራ ነው ይላል። ከቴሌቪዥኑ ሳጥን ጣውላ ትልቅ ካሜራ ሠራለት። መክፈቻና መዝጊያው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን ነበር። ያ ሌንስ ብርሃን እንደ ጉድ ይጠጣል፤ አጥርቶ የሚያየው ግን የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው። ሽፋሽፍትህ አንድ በአንድ ሲቆጠር ጆሮህ እንደ ሻማ ይቀልጣል። እሁድ እሁድ ገበያ ይዞት ሲወጣ ሰው ይሰለፍለታል።

«ዶን ኤቮዲዮ፣ ጆሮዬን እንዳጠፋህልኝ ሆዴንም ብታጠፋልኝስ?» አለው አንድ ቀን ሥጋ ሻጩ ዶን ፕላሲዶ።

«ሆድህን ወደ ኋላ አድርገው፣ ይጠፋል።»

«ወደ ኋላ የሚሄድልኝ ቢሆንማ ሚስቴ መች ትስቅብኝ ነበር!»

የሚጠቀመው በራጅ ፊልም ነው፤ ጊዜው ያለፈበትን ከክሊኒኮች ያገኘዋል። የተለመደው ፊልም አንዱ ጎኑ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው፤ በቀላሉ ይለያል። የራጅ ፊልም ግን ሁለቱም ጎን አንድ ነው። የትኛው ጎን ወደ ሰውየው እንደነበር ካላወቅህ ሰውየውን ገልብጠህ ታትመዋለህ፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ አባቴ ከማንሳቱ በፊት የፊልሙን የላይኛውን ቀኝ ማዕዘን በመቀስ ትንሽ ይቆርጠዋል። ሲያትም በጣቱ የሚፈልገው ያንን ቁራጭ ነው። ጠጥቶ እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ማዕዘኑን ለጌጥ የሚቆርጠው ይመስለኝ ነበር።

ኢሳይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ታች አስፋልቱ ዳር መኪና ያጥባል። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ የተጨማደደ ነው። በዚያ ሌንስ የተነሳው አንዴ ብቻ፣ ለእናቴ ልደት ስጦታ እንዲሆን ነው። አባቴ ወንበር ላይ አስቀምጦት እንዳይነቃነቅ የመጥረጊያ እንጨት ከማጅራቱ ኋላ አቆመበት።

«አባዬ፣ ቶሎ በል! እንጨት ላይ የተሰካ ዶሮ መሰልኩ እኮ።»

«ዶሮው ዝም ይላል። ትንፋሽህን ያዝ።»

«እማዬ፣ ባልሽን ተው በይልኝ!»

እናቴ መጥታ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ከዚያ እድፍ ይመስል ምልክቱን በአውራ ጣቷ ፈተግ ፈተግ አደረገችው። «ይሄ ደግሞ ታጥቦ አይለቅ» አለች እየሳቀች። አባቴ ክዳኑን አነሳ፣ መለሰ።

እናቴ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነበረች፤ ስሶቹን ቴሌቪዥኖች ትገጣጥማለች። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ እሷ ገና ሳትመለስ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴንና የኢሳይን ድምፅ ሰማሁ።

«አይተውሃል?»

«መኪናውን ያመጡት ለእኔ ነው፣ አባዬ። ውስጡን እጠብ አሉኝ። የኋላ ወንበሩን ሳነሳው…»

«ዝም በል። ምንም አላነሳህም።»

«ስሜን ጠየቁኝ።»

«ነገርካቸው?»

«ሸሚዜ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ!»

አባቴ የፒካፑን ቁልፍ ሲያነሳ ተሰማኝ። ከዚያ «ጫማህን አድርግ» አለው።

መኪናውን የጫረው መሰለኝ። በቃ፣ ውድ መኪና ጭሯል፤ ባለቤቶቹ ተቆጥተዋል። ተመልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ አባቴ ግቢ ውስጥ ቴሌቪዥን እየፈታ ነው፤ የፒካፑ ሞተር ገና አልቀዘቀዘም። እናቴ ከሥራ ስትገባ «ኢሳይስ?» አለችው። «ሥራ ሄደ» አላት። ማታ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

«መኪና ጭሮ ተደብቆ ነው» አልኳት ለእናቴ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «የማን መኪና?»

«ልጅቷ ሕልም አይታ ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከመፍቻው ሳያነሳ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ደጅ ቀረ። የገባው ሰውዬ ቦት ጫማ አቧራ የሚባል አልነካውም፤ በእኛ ኮረብታ ላይ ይህ ተአምር ነው። ለእኔ በቃሪያ የተለወሰ የማንጎ ከረሜላ ሰጠኝ። ወደድኩት።

«ዶኛ ኤርሚላ፣ የኢሳይ ጓደኞች ነን። ልጁ ጠፋብን፤ እኛም በበኩላችን እንፈልገው ብለን ነው። ፎቶ ካላችሁ…»

«ፎቶ የለም» አለ አባቴ። «ዝናብ አበላሸብኝ፤ ሁሉንም።»

«የፎቶ አንሺ ልጅ ፎቶ የለውም? አይቀልዱ እንጂ፣ ዶን ኤቮዲዮ!»

በእርግጥም አልነበረም። አባቴ ኢሳይ በጠፋ ማግስት ፎቶዎቹን በሙሉ፣ የመጀመሪያ ቁርባኑን ሳይቀር፣ በርሜል ውስጥ አቃጥሏቸው ነበር። «ጣሪያው አፍስሶ ሻግተዋል» አለኝ፤ ጣሪያችን ስለሚያፈስ አመንኩት። በዚያ ሰሞን አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳልጣለች ያስታወስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«አለ እንጂ!» እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ለልደቴ ያነሳኸው! ፎቶው ቢበላሽ ፊልሙ አለ፣ እኔው ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ!»

አባቴ አያት። ያንን አስተያየት ለዓመታት ቁጣ አድርጌ ነበር የማስታውሰው።

«እንግዲያውስ ነገ መጥተን እንወስዳለን» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ! እግዜር ይስጥልኝ!» እናቴ እጁን ይዛ ሳመችው።

የዚያን ዕለት፣ ፀሐይ እንደገባች፣ አባቴን ተከትዬ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ቀዩ አምፖል በርቷል፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፊልሙን ወደ አምፖሉ አንስቶ አየው። አዙሮ አየው። እንደገና አዞረው። ጣቱ የተቆረጠውን ማዕዘን ይዳስሳል፣ ይተወዋል፣ ተመልሶ ይዳስሳል። በልጁ ናፍቆት ማዕዘኑ የጠፋበት መሰለኝ። በመጨረሻ ፊልሙን ወረቀቱ ላይ አጋድሞ መስታወት ጫነበትና ብርሃን ሰጠው። ወረቀቱ የፎቶ ማጠቢያው ትሪ ውስጥ ሲገባ የኢሳይ ፊት ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ምልክቱ። ሌላው ሁሉ ቀልጧል፤ ጆሮው፣ አገጩ፣ ጸጉሩ። ያንን ፎቶ ይዞ ሰው የሚፈልግ፣ ከዓይኑና ከምልክቱ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም።

ሰውየው በማግስቱ መጥቶ ድርሻውን ወሰደ። እናቴም አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ «አፋልጉኝ» አስጽፋ አባዛችው።

ከምሰሶዎቹ የተመለስን ዕለት ለአባቴ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ኢሳይ ተገልብጧል።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ልነግራት ስል አልሰማችኝም።»

እጄን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ወደወጣው ትልቅ መስታወት ወሰደኝና ፊት ለፊቱ አቆመኝ።

«ይሄ ሌንስ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ የኖረው ከመስታወት ጋር ነው። ልማድ ሆኖበት አንዳንዴ ሰውን እንደ መስታወት ያወጣዋል።»

«አንዳንዴ መቼ?»

«ሲያዝን።»

አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ምሰሶዎቹ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የማዝነው ለሌንሱ ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ለአባቴ ከደቡብ፣ ከሳን ኪንቲን ስልክ ተደወለለት፤ እዚያ እንጆሪ እርሻ ላይ የሚሠራ የአጎቱ ልጅ ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራል። «መቼ ወጣ? … ለምን ለቀቅኸው? … ‹ለበዓል እናቴን ልያት› አለ?» ስለ አንድ የእርሻው ሠራተኛ የሚያወሩ መሰለኝ። ለበዓል እናቱን ሊያይ የማይወጣ ማን አለ?

እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከፈረቃዋ እንደወጣች፣ ወረቀቷን ይዛ አስከሬን ወደሚመረመርበት ቢሮ ትሄድ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በወተት የራሰ ኬክ ይዛ ተመለሰች። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻ ከፈተችው።

«ደቡብ መንገድ ዳር የተገኘ ልጅ አለ አሉኝ! ዕድሜው ልክ፣ ቁመቱ ልክ። ከዚያ ጸሐፊው የእነሱን አየ፣ የእኔን ወረቀት አየ። ‹የእኛኛው ምልክቱ በግራ ነው፣ የእርስዎ በቀኝ። አይደለም፣ እመቤት› አለኝ። አይደለም! ኤቮዲዮ፣ ትሰማኛለህ? አይደለም!»

እጆቼን ይዛ አሽከረከረችኝ። አባቴ ኬኩን በማንኪያ ቆርሶ አፉ ጋ አደረሰና ተነስቶ ወጣ። ከቤቱ ኋላ ሲያስመልስ ተሰማ። «አባትሽ ደስታ አይችልም» አለች እናቴ፣ የሬዲዮውን ድምፅ ይበልጥ ከፍ እያደረገች።

ግራ ማለቷን ሰምቻለሁ። ግን በእኔ ልብ ኢሳይ መኪና ጭሮ የተደበቀ ልጅ ነው፤ የተደበቀ ልጅ መንገድ ዳር አይገኝም። እናቴ ከጨፈረች ደግሞ ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።

አባቴ እውነቱን የነገረኝ ዘንድሮ ነው፤ ሳንባው ታሞ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ እናቴ መድኃኒት ልትገዛ የወረደች ከሰዓት። በዚያ ጎህ ኢሳይን፣ እንጆሪ እርሻው ጋ እንዲደበቅ፣ የደቡቡ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረው እሱ ነው። ፊልሙንም የገለበጠው አውቆ ነው።

«የመኪናው ባለቤቶች ፎቶውን በየከተማው ላሉ ሰዎቻቸው ነው የሚያድሉት። እነዚያ ደግሞ ልጁን አያውቁትም። ምልክቱን በቀኝ ሲፈልጉ በግራ ያለውን ያልፉታል ብዬ። ሌላ ምን ነበረኝ?»

«ለእማዬ እንኳ ብትነግራት ምን ነበረበት?»

«እናትሽ ፊቷ ላይ ሁሉም ይነበባል። ሰውየው እኮ እኔን ሲያናግር ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።»

ኬኩ በተበላ ማግስት ቢሮው ሄዷል። የመንገድ ዳሩ ልጅ፣ ባለቤት የለውም ተብሎ፣ ከሌሎች እንደ እሱ ካሉ ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀብሮ ነበር። እነሱ ይግደሉት መኪና ይግጨው የሚያውቅ የለም።

«የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ኤርሚላ ‹በምን አወቅህ?› ብትለኝስ? ዘጋሁት።» ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። «ከእነሱ የደበቅሁት መስሎኝ፣ ዙሌማ፣ ከእናቱ ደበቅሁት።»

ወረቀቱን ፀሐይ በበላው ቁጥር አዲስ እያተመ የሚሰጣት እሱ ነበር። ሁልጊዜም ምልክቱ በቀኝ።

አባቴን የቀበርነው ባለፈው ሐሙስ ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ እናቴ፣ ልጄ ዳሪየልና እኔ በዚያው በኮረብታው ቤት ቀረን። ዳሪየል ሳህን ያጥባል። እኔ እናቴን እያየሁ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ፤ ብነግራት ትሞትብኛለች፣ ባልነግራት እኔ ተሸክሜው እሞታለሁ። የደጁ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ኢሳይ ከሄደ ወዲህ እናቴ አንድ ቀን አስቆልፋ አታውቅም። እኔ፣ በየጥላው ሌባ የሚታየኝ ሴት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቄ ከኋላው ወንበር አስደግፋለሁ።

«እማዬ፣ አባዬ ሳይሞት የነገረኝ ነገር አለ።»

«ስለ ምልክቱ ከሆነ ተይው።»

ዳሪየል ውሃውን ዘጋ።

«እኔ ወልጄ፣ እኔ አጥብቼ፣ የትኛው ጉንጩ እንደሆነ የሚጠፋኝ ይመስልሻል?» አለች። «ገና ኮፒ ቤት ሳለሁ ነው ያየሁት። ኤቮዲዮ ማዕዘን አይሳሳትም። ልጄን ደብቆልኛል ማለት ነው አልኩ። ደስ እያለኝ ነው የለጠፍኩት።»

«ታዲያ… ያን ቀን፣ ቢሮው…»

የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ጸሐፊው ‹በግራ› ሲል አወቅሁት። የእኔ ነው ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። እሱ ቀደመኝ። ‹አይደለም› አለኝ። በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም አለኝ፣ ዙሌማ። ተቀብዬው ወጣሁ። ልጇ ያልሞተባት ሴት ምን ታደርጋለች ብዬ አስቤ ኬክ ገዛሁ።»

«አባዬ ያውቅ ነበር።»

«ሲያስመልስ ሰምቼው የለ።» ወደ አባቴ ባዶ አልጋ ሳታይ ቀጠለች። «እሱ ለእኔ ብሎ ያትማል፣ እኔ ለእሱ ብዬ እለጥፋለሁ። አንዳችን ብንጀምረው ሁለታችንም አብረን እናለቅስ ነበር። ማን ይጀምረው?»

ውጭ የውሃ ቦቴው እየጮኸ ኮረብታውን ወጣ፣ ወረደ።

«ዳሪየል ገብቷል?» አለች፣ ልጁ ከአጠገቧ ቆሞ።

«እዚህ ነኝ፣ አያቴ።»

«እንግዲያ ሌላ የሚመጣ ሰው የለንም።»

ተነሳች። መቀርቀሪያው ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። ዳሪየል ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በክርኗ ገፋችው። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት፤ ብረቱ አቃሰተና ገባ። ከዚያ ቁልፉን አዞረችው።